ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው፦ ኢንሹራንስ ራሱ ለምን ኢንሹራንስ ይገባል?

በትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ቃለ መጠይቅ አደራረግና ስለ ሬዲዮ ፕሮግራም ዝግጅት ነው። እኔ ዛሬ ወጣ ያለ ርዕስ ይዤ ቀርቤአለሁ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ራሳቸው ተመልሰው ለምን ሌላ ኢንሹራንስ እንደሚገቡ እንነጋገራለን። «የጋዜጠኝነት ተማሪ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው፣ የጋዜጣ የኢኮኖሚ ገጽ ስንገልጥ «የጠለፋ ዋስትና» ወይም «የጠለፋ መድን» የሚል ቃል በየጊዜው ያጋጥመናል። ቃሉን አይተን እናልፈዋለን እንጂ ምን እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ነገ እኛው ራሳችን ይህንን ዜና እንድንሠራ ስንታዘዝ ያልገባንን ነገር ለሕዝብ ልናስረዳ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ለአክቹዋሪ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። አክቹዋሪ ማለት አደጋ ስንት ጊዜ እንደሚደርስና ምን ያህል እንደሚያስከፍል በሒሳብና በስታቲስቲክስ የሚያሰላ ባለሙያ ነው። እሷ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ቀመሩን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደሚያስፈልግ በአማርኛ አስረጂ ብባል ግን አፌ ይተሳሰራል።» ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለሁለታችንም ነው፤ ለሚቆጥሩትም ለሚጽፉትም።

ጠለፋ ሲባል ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። «ጠለፋ» ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቶሎ የሚመጣው የአውሮፕላን ጠለፋ ወይም በየገጠሩ ሴት ልጅን አስገድዶ የመውሰድ ክፉ ልማድ ነው። ስለዚህ «የጠለፋ ዋስትና» የሚል ርዕስ ያነበበ ሰው «አውሮፕላን ቢጠለፍ የሚከፈል ካሳ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔ ለማስታወስ እንዲመቸኝ የማስበው የእናቶቻችንን ጥልፍ ነው። ጥልፍ ላይ አንዱ ክር በሌላው ክር ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ ቢላላ ሌላው ይይዘዋል። የጠለፋ ዋስትናም በአንድ ዋስትና ላይ የሚያልፍ ሌላ ዋስትና ነው። በንግዱ ዓለም «ሪኢንሹራንስ» የሚባለው ይኸው ነው።

ባለድርሻዎቹ ሦስት ናቸው። አረቦን የሚከፍለው መድን ገቢ አለ። ከእሱ አረቦን ተቀብሎ ኃላፊነት የሚወስደው መድን ሰጪ ኩባንያ አለ። ይህ ኩባንያ ከያዘው ኃላፊነት ከፊሉን ከአረቦን ጋር የሚያስተላልፍለት ደግሞ የጠለፋ መድን ሰጪ ይባላል። የጠለፋ መድን ሰጪውም በተራው ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ እሱ «ሬትሮሴሽን» ይባላል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይሰመርበት። መድን ገቢው የሚያውቀው የተዋዋለውን ኩባንያ ብቻ ነው። ኩባንያው «የጠለፋ መድን ሰጪው ገና ስላልከፈለኝ ቆይ» ሊለው አይችልም። ሁለቱ ውሎች የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ዕዳ የመጀመሪያው ኩባንያ ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል።

ከዕድር እንነሳ

እኔ ያደግሁት ኡካ ነው። በኢሉባቦር ከተሞች፣ መቱ በሉት ጎሬ በሉት፣ ዕድር የሌለበት ሰፈር የለም። ዕድር ደግሞ ኢንሹራንስ ነው። መቶ አባላት ያሉት ዕድር በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ለቅሶ ያጋጥመዋል ብለን እናስብ። በየወሩ የሚዋጣው ብር ለዚያ ይበቃል። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም አለ። ነገር ግን በአንድ ክፉ ወር አሥር ቤት ላይ ሞት ቢደርስስ? የዕድሩ ሣጥን ባዶ ይሆናል። አባላቱ ክፉዎች ወይም ገንዘብ ያዡ ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ መዋጮው የተሰላው ለተለመደው ዓመት ስለሆነ ነው።

አሁን አሥር ዕድሮች ተሰብስበው «የአንዳችን ሣጥን ከዚህ በላይ ከተጎዳ ሌሎቻችን እናግዛለን፤ ለዚህም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እናስቀምጥ» ቢባባሉ፣ ይህ የዕድሮች ዕድር ነው። የጠለፋ ዋስትና ማለት በቃ ይኸው ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ የዛሬውን የለንደንና የዙሪክ ገበያ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል።

ባለፈው ክረምት ይህንን ነገር ለሰፈራችን አንድ ቡና አቅራቢ ላስረዳቸው ስሞክር፣ «እኔ ለመኪናዬም ለመጋዘኔም አረቦን እከፍላለሁ። የእነሱ ቤት ሲቃጠልስ ለእነሱ ማን ይከፍላል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ከብዙ መጽሐፍ መግቢያ ይበልጣል። መልሱን በቁጥር እንየው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

እንበልና አንድ መድን ሰጪ 1,000 የጭነት መኪናዎች መድን ሰጥቷል። የእያንዳንዱ ዋጋ 2 ሚሊዮን ብር ነው። አንድ መኪና በዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የመውደም ዕድሉ 1 በመቶ ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። በአማካይ በዓመት 10 መኪና ይወድማል፤ ካሳው 20 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ግን በየዓመቱ ልክ 10 አይሆንም፤ አንዱን ዓመት 7፣ ሌላውን ዓመት 14 ይሆናል። የዚህ መዋዠቅ መለኪያ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። 1,000ን በ0.01 እና በ0.99 አባዝተን ስኩዌር ሩት ስናወጣ ወደ 3.15 መኪና፣ በብር 6.3 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ኩባንያው ይህንን በራሱ ካፒታል ይቋቋመዋል። ብዙ ተመሳሳይና የማይነካኩ ዕቃዎች ሲኖሩ አማካዩ ይታመናል፤ «የትልልቅ ቁጥሮች ሕግ» የሚባለው ይህ ነው።

አሁን አንድ ቡና ላኪ መጥቶ 300 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መጋዘኑን መድን ይገባል። የመቃጠል ዕድሉ እንደ መኪናዎቹ 1 በመቶ ነው ብለን እንያዝ። የኩባንያው አማካይ ካሳ በ3 ሚሊዮን ብቻ አድጎ 23 ሚሊዮን ይሆናል። ብዙም የሚያስደነግጥ አይመስልም አይደል? መዋዠቁን ግን እዩት። የመጋዘኑ ብቻውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወደ 29.8 ሚሊዮን ነው። ከመኪናዎቹ ጋር ስንደምረው፣ የሚደመረው ቫሪያንሱ መሆኑን ሳንረሳ፣ ጠቅላላው ወደ 30.5 ሚሊዮን ይደርሳል። አንድ ደንበኛ አማካዩን በ15 በመቶ ብቻ ከፍ አድርጎ መዋዠቁን አምስት እጥፍ ገደማ አደረገው። መጋዘኑ በተቃጠለ ዕለት ኩባንያው የመኪናዎቹን ባለቤቶችም የሚከፍለው ያጣል።

ምን ያድርግ? «ይቅርብኝ» ብሎ ላኪውን ሊመልሰው ይችላል። ያኔ ላኪው ያለ ዋስትና ይቀራል፤ ባንክም ብድር አይሰጠውም። ሁለተኛው መንገድ ከ300 ሚሊዮኑ 20 ሚሊዮኑን ብቻ ለራሱ አስቀርቶ 280 ሚሊዮኑን ማስተላለፍ ነው። ለራሱ የሚያስቀረው «የራስ ድርሻ» ወይም «ሪቴንሽን» ይባላል። የመጋዘኑ አንድ አሥራ አምስተኛ ብቻ ስለቀረበት የዚያ ክፍል ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወደ 2 ሚሊዮን ይወርዳል። ጠቅላላው 6.6 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል፤ ማለትም መጋዘኑ ከመምጣቱ በፊት ወደነበረው ይጠጋል። ደንበኛው ዋስትናውን አገኘ፣ ኩባንያውም እንቅልፉን ተኛ።

መልኮቹ

የጠለፋ ዋስትና ሁለት የውል መንገድ አለው። አንዱ «ፋካልቴቲቭ» ሲሆን፣ አንድን ዕቃ ብቻ ነጥሎ እየተነጋገሩ የሚደረግ ነው። ሁለተኛው «ትሪቲ» ይባላል። በዓመቱ መጀመሪያ ይፈረማል፤ በውሉ ክልል የሚወድቅ ማንኛውም ኃላፊነት ሳይጠየቅ ይተላለፋል፣ የጠለፋ መድን ሰጪውም «ይህንን አልፈልግም» ብሎ መምረጥ አይችልም።

በአከፋፈል ደግሞ ተመጣጣኝና ተመጣጣኝ ያልሆነ ተብሎ ይከፈላል። ፈተና ላይ ተማሪውን የሚያምታታው እዚህ ጋ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ 45 ሚሊዮን ብር ጉዳት እንፈትናቸው።

«ኮታ ሼር» ላይ ሁሉም ነገር በቋሚ መቶኛ ይካፈላል። 40 በመቶ የሚተላለፍ ከሆነ ከአረቦኑም ከካሳውም 40 በመቶው ይሄዳል። ከ45 ሚሊዮኑ 18 ሚሊዮኑን የጠለፋ መድን ሰጪው፣ 27 ሚሊዮኑን ኩባንያው ይከፍላል።

«ሰርፕለስ» ላይ የሚተላለፈው ከራስ ድርሻ በላይ ያለው ብቻ ነው። ያ የ300 ሚሊዮን ብር መጋዘን በከፊል ተቃጥሎ የ45 ሚሊዮን ጉዳት ቢደርስ ኩባንያው አንድ አሥራ አምስተኛውን፣ 3 ሚሊዮን ይከፍላል፤ ቀሪውን 42 ሚሊዮን ሌላው ይከፍላል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው «ኩባንያው እስከ 20 ሚሊዮን ራሱ አይከፍልም ወይ?» ብሎ ይሳሳታል። አይከፍልም። 20 ሚሊዮኑ የኃላፊነት ድርሻውን መወሰኛ ነው እንጂ የካሳ መነሻ አይደለም።

«ኤክሰስ ኦፍ ሎስ» ላይ ግን በእርግጥ የካሳ መነሻ ነው። ውሉ «ከ20 ሚሊዮን በላይ ላለው እስከ 30 ሚሊዮን» የሚል ከሆነ ከ45 ሚሊዮኑ ኩባንያው 20፣ የጠለፋ መድን ሰጪው 25 ሚሊዮን ይከፍላሉ። ጉዳቱ 60 ሚሊዮን ቢሆን የጠለፋ መድን ሰጪው 30 ሚሊዮን ላይ ይቆማል፤ ከላይ የተረፈው 10 ሚሊዮን ወደ ኩባንያው ተመልሶ የእሱ ክፍያ 30 ሚሊዮን ይሆናል። ጣሪያውን ማንበብ የረሳ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

«ስቶፕ ሎስ» ደግሞ አንድን አደጋ ሳይሆን የዓመቱን ጠቅላላ ካሳ ነው የሚያየው። ኖርዌጂያዊው ካርል ቦርች በ1960 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ለተመሳሳይ ንጹሕ የአረቦን ዋጋ የኩባንያውን ቫሪያንስ ከሁሉም በላይ የሚቀንሰው ይኸኛው ነው። ሆኖም ሻጩ የኩባንያውን ጠቅላላ አሠራር አምኖ የሚገባበት ስለሆነ በገበያ ላይ እንደልብ አይገኝም፤ ዋጋውም ይወደዳል።

የአክስቴ ልጅ «ይህቺን ጻፋት» ያለችኝ ነጥብ ይህ ነው። ኮታ ሼር አማካዩንም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑንም በእኩል መጠን ስለሚቀንስ የሁለቱ ንጽጽር አይለወጥም። ታዲያ ለምን ይገዛል? ለካፒታል ሲባል ነው። አዲስ የተቋቋመ ኩባንያ ካፒታሉ ትንሽ ሆኖ ገበያው ሲሰፋለት ከሚሸከመው በላይ ውል ይዞ ይገኛል። ኮታ ሼር ሸክሙን ያቀልለታል፤ ደንበኛ ላመጣበትና ወረቀቱን ለሠራበት ደግሞ ኮሚሽን ያገኛል። መዋዠቁን ለማርገብ የፈለገ ግን ሰርፕለስ ወይም ኤክሰስ ኦፍ ሎስ ይግዛ።

ሁሉም በአንድ ቀን ሲጎዳ

እስካሁን ያሰላነው አደጋዎቹ የማይነካኩ እንደሆኑ አድርገን ነው። የአንዱ መኪና መገልበጥ ሌላውን አይገለብጥም። ድርቅስ?

እንበል በአንድ ቀበሌ 200 ገበሬዎች የዝናብ መድን ገብተዋል፤ ዝናብ ከቀረ ለእያንዳንዳቸው 5,000 ብር ይከፈላል፤ ዝናብ የሚቀረው በአምስት ዓመት አንዴ ነው። አማካይ ካሳው በዓመት 200,000 ብር ነው። ጉዳቱ በየቤቱ ለየብቻ የሚደርስ ቢሆን ኖሮ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 28,000 ብር ገደማ በሆነ ነበር። ዝናብ ግን ለአንዱ ዘንቦ ለጎረቤቱ አይቀርም። ወይ ለማንም አይከፈልም ወይ ለሁሉም 1 ሚሊዮን ብር ይከፈላል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 400,000 ብር ይሆናል፤ አሥራ አራት እጥፍ! ከዚያው ቀበሌ ሌላ 200 ገበሬ ቢጨመር ችግሩን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም። መፍትሔው የሌላ ሀገር ዝናብና የሌላ አህጉር ማዕበል አብሮ የሚይዝ ትልቅ ሣጥን ማግኘት ነው።

ሀገራችን በዚህ ረገድ ለዓለም ምሳሌ የሆነችበት ታሪክ አላት። በ1998 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከተባለው የፈረንሳይ የጠለፋ መድን ሰጪ ጋር ለኢትዮጵያ የድርቅ ሽፋን ተዋውሎ ነበር። የተከፈለው አረቦን 930,000 ዶላር ሲሆን፣ ከ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የሚሰበሰበው የዝናብ መጠን ከተወሰነው በታች ቢወርድ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈል ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ደህና ሆነና ምንም አልተከፈለም። «እንግዲያው ገንዘቡ ባከነ» የሚል ካለ ቤቱ ስላልተቃጠለ የሚያዝን ሰው መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. በትግራይ ዓዲ ሓ በተባለ ቀበሌ 200 የጤፍ ገበሬዎች ያሉበት የዝናብ ኢንዴክስ መድን ተጀመረ። መድን ሰጪው ንያላ ኢንሹራንስ ሲሆን፣ ኦክስፋም አሜሪካና የትግራይ ተራድኦ ማኅበር አብረው ሠርተዋል፤ ከጀርባ ደግሞ ትልቁ የጠለፋ መድን ሰጪ ስዊስ ሪ ነበረበት። የዓዲ ሓ ገበሬ ዙሪክ የት እንዳለች ማወቅ አያስፈልገውም፤ ውሉን ያቆመው ክር ግን እስከዚያ ይደርሳል።

ከእሳት የተወለደ ሥራ

እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚው የጠለፋ ዋስትና ውል በ1370 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ጄኖቫ የተጻፈ ነው። ከጄኖቫ ወደ ስሉስ የሚሄድ የመርከብ ጭነት መድን የሰጠው ሰው ከካዲዝ በኋላ ያለውን አደገኛ የጉዞ ክፍል ለሌላ አስተላለፈ። የሚችለውን ያዘ፣ የማይችለውን ሰጠ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ለዚህ ሥራ ብቻ የቆሙ ኩባንያዎች የመጡት ግን ከእሳት በኋላ ነው። በግንቦት 1842 እ.ኤ.አ. የሐምቡርግ ከተማ ለቀናት ተቃጠለች፤ የከተማዋ የእሳት ፈንድ ካሳውን መሸከም አቃተው። በ1846 እ.ኤ.አ. ኮሎኝ ሪ ተቋቋመ። በ1861 እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንዷ ግላሩስ ተቃጠለች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስዊስ ሪ ተመሠረተ። በ1992 እ.ኤ.አ. አንድሩ የተባለው ማዕበል ፍሎሪዳን ሲመታ በቂ ጠለፋ ያልነበራቸው በርካታ ትናንሽ ኩባንያዎች ከሰሩ። ትምህርቱ አንድ ነው፤ በአንድ ከተማ ያለውን ሁሉ ብቻውን የያዘ ኩባንያ ከከተማዋ ጋር አብሮ ይቃጠላል።

እኛም ዘንድ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ማስታወስ ነው። ሱቅ ከሱቅ በተጣበቀበት ቦታ ሃምሳ ውል ማለት ለእሳቱ አንድ ውል ነው። ባለሙያዎቹ «የኃላፊነት ክምችት» የሚሉት ይህንን ነው።

በሀገራችን

በ1967 ዓ.ም. 13 የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወረሱ፤ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም በምትካቸው ተቋቋመ። የግል ኩባንያዎች ተመልሰው የመጡት በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ትልልቅ ኃላፊነቶች ወደ ውጭ ሲተላለፉ ኖረዋል። አፍሪካውያን መንግሥታት በ1976 እ.ኤ.አ. በያውንዴ ተስማምተው አፍሪካ ሪን ሲመሠርቱ፣ አባል አገሮች ከትሪቲ ውሎቻቸው 5 በመቶ እንዲሰጡት ተደነገገ። መቀመጫው ሌጎስ ነው። ናይሮቢ ያለው ዜፕ ሪም ለቀጣናችን በተመሳሳይ መንገድ የቆመ ነው።

የራሳችን የሆነው የኢትዮጵያ የጠለፋ መድን አክሲዮን ማኅበር፣ በተለምዶ ኢትዮ ሪ የምንለው፣ ሥራ የጀመረው ሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ባለአክሲዮኖቹ መድን ሰጪ ኩባንያዎች፣ ባንኮችና ግለሰቦች ናቸው። ሥራ ሲጀምር የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ኩባንያዎች ከእያንዳንዱ ውል 5 በመቶ፣ ከትሪቲያቸው ደግሞ 25 በመቶ ለእሱ እንዲያስተላልፉ አዝዟል። ዋናው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። ለውጭ የሚላክ አረቦን በዶላር ይሄዳል፤ እዚሁ የሚቀር በብር ይቀራል።

እንግዲያው ሁሉንም እዚሁ ብናስቀር አይሻልም ወይ? መልሱን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ያስረዳናል። በዚያ ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በፊትም ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 409 ከቤይሩት እንደተነሳ ባሕር ገብቶ 90 ሰዎች ሞተዋል። የአየር መንገዱ መድን ሰጪ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሲሆን፣ አብዛኛው ኃላፊነት በለንደን ገበያ በኩል ለዓለም አቀፍ የጠለፋ መድን ሰጪዎች የተላለፈ ነበር። የአንድ አውሮፕላን ዋጋና የተሳፋሪዎች ቤተሰቦች ካሳ በአንድ ሀገር ኩባንያ ሣጥን ላይ ብቻ ቢወድቅ ሣጥኑን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን የሌላውን ደንበኛ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ትንሹንና ተደጋጋሚውን እዚህ ማስቀረት፣ ትልቁንና ድንገተኛውን በዓለም መበተን፤ ሚዛኑ ይህ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ሌላ ትምህርት መጣ። ብር ሲረክስ ከውጭ የሚገባ መኪናና ማሽን ዋጋው ይንራል። ቀድሞ 300 ሚሊዮን የነበረው መጋዘንና ዕቃው 600 ሚሊዮን ቢሆን፣ የኩባንያው ድርሻ 20፣ የትሪቲው አቅምም 280 ሚሊዮን ብር ላይ ከቆመ፣ ሌላው 300 ሚሊዮን ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወይ ፋካልቴቲቭ መፈለግ ወይ ትሪቲውን ማደስ ነው። ደንበኛውም የመድን መጠኑን ካላሳደገ ካሳው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርበታል። ስለዚህ ቁጥሩ የተጻፈበት ዓመት የቁጥሩን ያህል መታየት አለበት።

ነጻ ነገር የለም

የጠለፋ ዋስትና ጥቅሙ ብቻ ሊወራ አይገባም። አንደኛ፣ ዋጋ አለው። የጠለፋ መድን ሰጪው የሚያስከፍለው ከሚጠበቀው ካሳ በላይ ነው፤ የእሱም ወጪና ትርፍ አለበትና። ኩባንያው በየዓመቱ ከአማካይ ትርፉ ላይ ቆርሶ እርጋታ ይገዛል። ሁለተኛ፣ የጠለፋ መድን ሰጪውም ሊከስር ወይም ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ የማን እጅ ላይ እንደወደቁ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሁሉንም ለአንድ ከመስጠት ለብዙ ማካፈል ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ብዙ የሚያስተላልፍ ኩባንያ ኮሚሽን ለቃሚ ብቻ ሆኖ አደጋን መመርመር ሊዘነጋ ይችላል። «የሚከፍለው ሌላ ነው» ያለ ሰው የእሳት ማጥፊያ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ለዚህ ነው የጠለፋ መድን ሰጪዎች አስተላላፊው የራሱን ድርሻ እንዲይዝ የሚፈልጉት።

ለቆጣሪውና ለጸሐፊው

ለፈተና የምትዘጋጁ ወገኖቼ፣ «መድን ሰጪ ለምን የጠለፋ ዋስትና ይገዛል?» ተብላችሁ ስትጠየቁ ዝርዝር ብቻ አትደርድሩ። ከእያንዳንዱ ምክንያት ጋር መልኩን አያይዙት። ትልቅ ደንበኛ ለመቀበል ሰርፕለስ ወይም ፋካልቴቲቭ፤ ካፒታልን ለማሳረፍ ኮታ ሼር፤ ለአንድ ቀን መዓት ኤክሰስ ኦፍ ሎስ፤ ለክፉ ዓመት ስቶፕ ሎስ። በዚህ ላይ የጠለፋ መድን ሰጪው ከብዙ ሀገር ያካበተው ዕውቀት አለ፤ ሰምቶ የማያውቀውን አደጋ ዋጋ ሊተምን የተቸገረ ኩባንያ እሱን ያማክራል። የምትቀንሱት አማካዩን ይሁን መዋዠቁን ለይታችሁ ከተናገራችሁ ፈታኙ የገባው ተማሪ እንዳገኘ ያውቃል።

የሙያ ጓደኞቼ ሆይ፣ እኛ ደግሞ «ኩባንያው ይህን ያህል ሚሊዮን ካሳ ከፈለ» የሚል መግለጫ ሲሰጠን ገልብጠን አንሂድ። ሦስት ነገር እንጠይቅ። ከዚህ ውስጥ የኩባንያው የራስ ድርሻ ስንት ነው? ቀሪውን የሚከፍለው ማን ነው፣ የውሉ ጣሪያስ የት ነው? ባለመብቱ ገንዘቡን የሚያገኘው መቼ ነው? እነዚህን የጠየቀ ዘጋቢ፣ ንብረቱ የተቃጠለበት ነጋዴ ካሳ እንዳይዘገይበት ይረዳዋል፤ ኩባንያውም ለመልሱ ይዘጋጃል።

ለኡካው ቡና አቅራቢም መልሱ ይኸው ነው። የመድን ሰጪው ቤት ሲቃጠል የሚከፍሉት በሩቅ ያሉ፣ አንድ ላይ የማይቃጠሉ ብዙ ቤቶች ናቸው። እነሱም የሚከፍሉት አስቀድሞ አረቦን ከተላከላቸውና ውሉ በትክክል ከተጻፈ ብቻ ነው። ሎሚው ለሃምሳ ሰው የሚከፋፈለው ገና መንገድ ሳይጀመር ነው፤ ሸክሙ ትከሻ ከሰበረ በኋላ ሃምሳ ሰው ፍለጋ ቢወጡ የሚገኝ የለም።